ፖርሰሊን ወይስ ሴራሚክ? የገርጂው ቤት ጉዳይ

ቤቱ ገርጂ ነው። ጂ ፕላስ አንድ ተብሎ ተጀምሮ ላዩ ገና ያላለቀ። ምድሩ ላይ እናትየው ብቻቸውን ይኖራሉ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ልጃቸው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት። ገንዘቡን የምትልከው እሷ ስለሆነች ምርጫውም በአብዛኛው በእሷ እጅ ነበር። እኔ በ2017 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ የፊኒሺንግ ሥራውን እንድከታተል ተጠራሁ።

ልጅቷ በቴሌግራም ፎቶ ላከች። 60 በ120 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ የፖርሰሊን ንጣፍ። "ከሳሎን እስከ ሻወር ቤት፣ በረንዳውም ጭምር አንድ ዓይነት ይሁን። ሴራሚክ እንዳታስገቡ" አለች። እናትየው ፎቶውን መነጽራቸውን አድርገው አዩት። "ያምራል። ግን ልጄ፣ እኔ የማልወድቅበትን አድርግልኝ" አሉኝ።

"ፖርሰሊን ወይስ ሴራሚክ?" የሚለው ጥያቄ ለሙሉ ቤት በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ መልስ የለውም። ለየክፍሉ ሲጠየቅ ግን ቁርጥ ያለ መልስ አለው። ከዚህ ሥራ ለሌላው ሰው ማካፈል የምፈልገው ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ፖርሰሊን ያሰበ ሰው ማጣበቂያውንም አብሮ ማሰብ አለበት። ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ ጥሩ ሴራሚክ ገዝቶ በደንብ ማንጠፍ በጣም ይሻለዋል።

መጀመሪያ ልዩነቱ። ልዩነቱ ውሃ ነው። ሁለቱም ከአፈር ተሠርተው በእሳት የሚበስሉ ናቸው። ፖርሰሊኑ ግን ከደቃቅ ነጭ ሸክላ፣ ከፌልድስፓርና ከአሸዋ ተቀላቅሎ በከባድ ግፊት ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ በ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢና ከዚያም በላይ ይበስላል። ውስጡ ከፊሉ ቀልጦ ይገጥማል፣ ቀዳዳው ይደፈናል። ቡና የሚፈላበትን ጀበናና ቡና የምንጠጣበትን ሲኒ ማሰብ ይበቃል። ጀበናው ውሃ ይመጥጣል፤ ሲኒው አይመጥጥም።

አይኤስኦ 13006 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ይህን በቁጥር አስቀምጦታል። ከክብደቱ ከ0.5 በመቶ ያልበለጠ ውሃ የሚጠጣ ንጣፍ ፖርሰሊን ነው። ከ3 እስከ 6 እና ከ6 እስከ 10 በመቶ የሚጠጡት በብዛት የወለል ሴራሚኮች ናቸው። ከ10 በመቶ በላይ የሚጠጣው የግድግዳ ነው፤ ወለል ላይ ባይገባ ይመረጣል። ጥንካሬውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ውፍረቱ 7.5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ፖርሰሊን ሳይሰበር ቢያንስ 1,300 ኒውተን (የጫና መለኪያ ነው) መቻል አለበት። ተመሳሳይ ውፍረት ካለው የግድግዳ ሴራሚክ የሚጠበቀው 600 ነው።

መርካቶ ውስጥ ግን ይህ ሁሉ አይነገርም። ትልቅና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ፖርሰሊን ተብሎ ይሸጣል። ገዢውም የሚጠይቀው "የየት አገር ነው?" ብሎ ነው። ከህንድ ሞርቢና ከቻይና ፎሻን በጅቡቲ በኩል የሚገባ አለ። ሁለቱም ከተሞች ፖርሰሊንም ሴራሚክም ያመርታሉ፤ ስለዚህ አገሩ ብቻውን ምንም አይነግረንም። የጀርባው ቀለምም እንደዚያው ነው። "ቀይ ከሆነ አትግዛ" የሚሉ አሉ። ስፔኖች ለብዙ ዘመን ጥሩ ጥሩ የወለል ሴራሚክ ሲሠሩ የኖሩት ከቀይ አፈር ነው። መታየት ያለበት ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የውሃ መምጠጥ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሌለበት ካርቶን ሲገጥመን ሻጩን ጠየቅን። "ፖርሰሊን ነው አልኩህ እኮ" ነበር መልሱ።

ፖርሰሊን ናቸው ከተባልነው ሁለት ዓይነት አንዳንድ ፍሬ ገዝተን ወደ ቤት ወሰድን። 60 በ60 ናቸው። ገልብጠን ጀርባቸው ላይ ውሃ ጠብ አደረግን። አንዱ ላይ ጠብታው እንደቆመ ቀረ። ሌላው ላይ ጠርዙ ወዲያው ጠቆረ፣ ጥቂት ቆይቶ ጠብታው ጠፋ።

ከዚያ እናትየው የኩሽና ሚዛናቸውን አወጡ። ሒሳቡ ቀላል ነው። 9 ሚሊ የሚወፍር 60 በ60 ፖርሰሊን ወደ 7.6 ኪሎ ይመዝናል። የዚህ 0.5 በመቶ 38 ግራም ነው። ደረቁን መዘንን፤ በትልቅ ሳፋ ውሃ ውስጥ አሳደርነው፤ ጠዋት በጨርቅ ጠርገን ደግመን መዘንን። የመጀመሪያው የጨመረው ከ20 ግራም ያነሰ ነበር። ሁለተኛው ከ300 ግራም በላይ ጨመረ። 4 በመቶ ገደማ ጠጥቷል ማለት ነው። ደህና የወለል ሴራሚክ ነው፤ ፖርሰሊን ግን አይደለም። ዋጋው ግን የፖርሰሊን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። በላቦራቶሪ ፈተናው የሚሠራው አየሩን በማውጣት ወይም በማፍላት ስለሆነ ንጣፉ የበለጠ ይጠጣል። ስለዚህ የሳፋውን ፈተና ያለፈ ንጣፍ ፖርሰሊን ስለመሆኑ ሙሉ ማረጋገጫ አላገኘም። የወደቀው ግን ወድቋል።

ዋጋ በብር አልጽፍም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ሲለዋወጥ ነው የከረመው። ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ነገ ሰው ያሳስታል። ካሬውንና ካርቶኑን ግን መቁጠር ይቻላል።

አሁን ወደ ክፍሎቹ።

ሳሎኑ 32 ካሬ ነው። ወለሉ አሮጌ ሊሾ ነበር። ሰው የሚበዛበት፣ ከውጭ ጫማ አሸዋ ይዞ የሚገባበት፣ ሶፋ የሚጎተትበት ክፍል ስለሆነ ፖርሰሊን ይገባዋል አልን። በዚህ ከልጅቷ ጋር ተስማማን። ያልተስማማነው በማብለጭለጩና በመጠኑ ነው።

የማብለጭለጩን ነገር ያሳየኋት በቪዲዮ ነው። እናትየው ቡና ሲያፈሉ ቄጠማ ይጎዘጉዛሉ። ቄጠማው እርጥብ ነው። የተወለወለ ፖርሰሊን ላይ እርጥብ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ረከቦት አቅርበው ሲነሱ ማሰብ ነው። ናሙናውን አርጥበን ቄጠማ በትነንበት እኔው በነጠላ ጫማ ረገጥኩት። ቪዲዮውን አይታ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። "እሺ፣ የማያብለጨልጨው ይሁን" አለች። ሌላም ምክንያት ነበረ። ፖርሰሊን ሲወለወል ላዩ ስለሚፋቅ ውስጥ የነበሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። ፋብሪካው በደንብ ካልደፈናቸው ቡናና ዘይት ይይዛሉ። ብዙ ሰው ውድ ስለሆነ አይቆሽሽም ብሎ የሚገዛው እሱን ነው። ከፋብሪካ ግሌዝ፣ ማለትም መስታወት መሰል ልባስ፣ ተቀብቶ የወጣ ማት (የማያብለጨልጭ) ፖርሰሊን ለቤት ከዚያ ይሻላል።

መጠኑን በተመለከተ 60 በ120 የሚባለው ወለሉ በጣም ልክ ካልሆነ ያስቸግራል። አንድ ጎኑ ረዘም ላለ ንጣፍ የሚመከረው በ3 ሜትር ርዝመት ውስጥ ከ3 ሚሊ ያልበለጠ ጎድጓዳ ወይም ጉብታ ነው። ሊሾው ላይ ረጅም ውሃ ልክ ስናሳርፍ በቦታው በቦታው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። በዚያ ላይ ረጅም ንጣፍ ሲበስል መሃሉ በትንሹ እንደ ቀስት ይጎብጣል። ግማሽ በግማሽ ተዛንፎ ከተነጠፈ የአንዱ ጫፍ ከሌላው ሆድ ጋር ይገጥምና እግር የሚያደናቅፍ ከንፈር ይፈጥራል። 60 በ60 ወሰንን። አንድ ካርቶን 4 ፍሬ፣ 1.44 ካሬ ነው። ለቁራጭና ለብልሽት 10 በመቶ ጨምረን 35.2 ካሬ፣ ማለትም 25 ካርቶን ሆነ።

መኝታ ቤቶቹ ላይ ረጅም ክርክር አልነበረም። በነጠላ ጫማ የሚገባበት፣ ውሃ የማይፈስበት ክፍል ነው። የወለል ሴራሚክ በቂ ነው። የግሌዙ መፋቅ በፒኢአይ ይለካል፤ ከ0 እስከ 5 ይሄዳል። ለመኝታ ቤት 3 ከሆነ ይበቃል። እዚህ የተረፈው ገንዘብ ወዴት እንደሄደ በኋላ እናገራለሁ።

ኩሽናው ወለሉ ማት ፖርሰሊን፣ ግድግዳው 30 በ60 ሴራሚክ ሆነ። ልጅቷ ግድግዳውንም ፖርሰሊን ብላ ነበር። ጥቅም የለውም። ግድግዳ ላይ ማንም አይሄድበትም። ፖርሰሊን በካሬ 20 ኪሎ የሚያልፍ ክብደት አለው፤ የግድግዳው ሴራሚክ ከዚያ በብዙ ይቀላል። ለመቆረጥም ይመቻል። የዕቃ መደርደሪያ ሲሰቀል ሴራሚክን በተራ የግድግዳ መብሻ ቀስ ብሎ መብሳት ይቻላል፤ ፖርሰሊን የአልማዝ መብሻ ይፈልጋል፤ ሠራተኛው ከቸኮለም ይሰነጠቃል።

ኩሽና ውስጥ ቶሎ የሚበላሸው ንጣፉ ሳይሆን መጋጠሚያው ነው። እናትየው "በአሮጌው ቤቴ እርዱ ገብቶ አልወጣ ብሎ ነበር" ያሉት ትክክል ነው። እርድ፣ በርበሬና ዘይት ግሌዙ ላይ አይቀሩም፤ ይጠረጋሉ። የሚቀሩት በነጭ ሲሚንቶ በተሞላው መስመር ውስጥ ነው። ነጭ ሲሚንቶ ብቻውን ሲደርቅ ይሸማቀቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ያገኘውን ሁሉ ይመጥጣል። ለመጋጠሚያ ተብሎ የተዘጋጀውን ግራውት ገዛን፤ ቀለሙን ግራጫ አደረግነው። መስመሩንም 3 ሚሊ አደረግነው። "አጣብቄ ያለ መስመር ልሥራልህ" የሚል ባለሙያ ይኖራል፤ እሺ ማለት አያስፈልግም።

ሻወር ቤቱ ላይ የእናትየው ቃል ብቻ ነበር የሚሰማው። ወለሉ 30 በ30፣ ሻካራ ፖርሰሊን ሆነ። እንዳያንሸራትት የመያዝ ደረጃው በጀርመን መለኪያ ከአር 9 እስከ አር 13 ይጻፋል፤ አር 9 ዝቅተኛው ነው። አር 11 ወሰድን። ትንሽ መጠን የመረጥነው ወለሉ ወደ ማፍሰሻው መዝመም ስላለበት ነው፤ ትልቅ ንጣፍ በአራት በኩል ማዝመም አይቻልም። ከስሩ ውሃ መከላከያ ተቀባ። ፖርሰሊኑ ውሃ አይጠጣም ማለት ወለሉ ውሃ አያሳልፍም ማለት አይደለም። ውሃ በመጋጠሚያው ይገባል።

በረንዳው ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የሚመታው ስለሆነ እዚያም አር 11 ፖርሰሊን ገባ። ከውጭ የሚጻፉ ምክሮች በረንዳ ላይ ፖርሰሊን ይሁን የሚሉት በውርጭ ምክንያት ነው፤ ሴራሚኩ የጠጣው ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰነጥቀዋል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ብዙም አያሰጋም። ደብረ ብርሃን ላይ ለሚሠራ ሰው ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ቀልድ አይደለም። ገርጂ ላይ የሚያሰጋው ዝናብና የድንጋይ ሽበት ነው፤ ዋናው መመዘኛ ሻካራነቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ማጣበቂያው።

የሴራሚክ ባለሙያው እጁ የተባረከ ሰው ነው። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ቁርጡ የተስተካከለ። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ግን በአሸዋና ሲሚንቶ ነው። ሴራሚኩን ውሃ ውስጥ ይነክራል፣ አሸዋና ሲሚንቶውን ያነጥፋል፣ በውሃ የተበጠበጠ ሲሚንቶ ያፈስበታል፣ ያስቀምጣል፣ በጎማ መዶሻ ይመታል። ለሴራሚክ ይህ ይሠራል። ሴራሚኩ ጀርባው ቀዳዳ ስላለው የሲሚንቶው ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል፤ አብሮት ሲሚንቶው ይሰርጋል፤ ሲደርቅ ሥር ሰዶ ይይዛል። ፖርሰሊን ጀርባው ዝግ ነው። ሲሚንቶው የሚሰርግበት ቦታ የለውም። የተመሰገነበት ጠባዩ፣ ውሃ አለመጠጣቱ፣ ራሱ ነው እንዳይጣበቅ የሚያደርገው።

ባለሙያው አላመነኝም። "ጌታዬ፣ ስንት ቪላ በዚህ አንጥፌአለሁ" አለኝ። ክርክሩን ትተን ጓሮው ውስጥ ባለው ኮንክሪት ላይ ሁለት የፖርሰሊን ፍሬ አነጠፍን። አንዱን እሱ በለመደው መንገድ። ሌላውን በከረጢት በሚሸጠው ማጣበቂያ፤ ሲ 2 ቲ ኢ የሚል ምልክት ያለበት ነው። ሲ 2 ማለት በማጣበቂያ ደረጃው መሠረት ቢያንስ 1 ኒውተን በካሬ ሚሊ ሜትር የሚይዝ፤ ሲ 1 ግማሹን ነው። ቲ ግድግዳ ላይ ቁልቁል የማይንሸራተት፣ ኢ ከተቀባ በኋላ ቶሎ የማይደርቅ ማለት ነው።

ከሁለት ሳምንት በላይ ተውናቸው። በመጨረሻ ባለሙያው ራሱ መሮና መዶሻ ይዞ መጣ። በአሸዋና ሲሚንቶ የተነጠፈው ጠርዙ ላይ ሲመታ ሙሉ ፍሬው ተነሳ። ምንም አልተሰበረም። ገልብጦ አየው፤ ጀርባው ላይ የፋብሪካው ጽሑፍ እንኳ ሳይቀር ይነበባል፤ የሲሚንቶ ምልክት የለበትም። ሌላውን መታው። ጥጉ ተሰበረ። ደጋግሞ መታው። ተቆራርሶ ወጣ እንጂ አልተነሳም። ስባሪው ላይ ማጣበቂያው እንደተለጠፈ ነበር። ባለሙያው ስባሪውን ይዞ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወዲህ ስለ ማጣበቂያ አልተከራከርንም።

ከመኝታ ቤቱ የተረፈው ገንዘብ እዚህ ገባ። በጥርሳም ብረት ወለሉ ላይ እየተበጠረ፣ የፖርሰሊኑም ጀርባ በስሱ እየተቀባ ሲሠራ በካሬ ወደ 5 ኪሎ ማጣበቂያ ይሄዳል። ለ32 ካሬው ሳሎን 160 ኪሎ፣ በ20 ኪሎ ከረጢት 8 ከረጢት ነው። ሊሾውንም ቀድሞ ማስተካከል ያስፈልግ ነበር፤ ማጣበቂያ ጉድጓድ መሙያ አይደለም። ልጅቷ ሒሳቡን ስልክላት "ለሙጫ ይሄን ያህል?" አለች፤ ተቆጣችም። የጓሮውን ፎቶ ላክሁላት። በማግስቱ ገንዘቡ መጣ።

ከግድግዳው ጠርዝ ዙሪያውን የጣት ያህል ክፍተት ተተወ፤ ዞኮሎው ይሸፍነዋል። ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅ ወለሉ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ከሌለው መሃል ላይ ይነሳል። ከተማው ውስጥ "ሴራሚኩ ፈነዳ" የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

አንድ ችግር ደግሞ ከሱቁ መጣ። ካርቶኖቹ ደርሰው ስንቆጥር በአብዛኛው ላይ ያለው የቀለም ቁጥር አንድ ነው፤ በጥቂቶቹ ላይ ግን ሌላ። ስሙ፣ መጠኑ፣ ሥዕሉ ያው ነው። አውጥተን ጎን ለጎን ደጃፍ ላይ ስናስቀምጣቸው አንዱ ወደ ቢጫ ያደላል። በመብራት አይታወቅም፤ በቀን ብርሃን ይታወቃል። ሱቁ "ልዩነት የለውም፣ ሲነጠፍ አይታይም" ብሎ ነበር። ያልተከፈቱትን ይዘን ሄደን አስቀየርን። ተነጥፎ ቢሆን ኖሮ የሚሰማን አልነበረም። ካርቶን ላይ ከቀለሙ ቁጥር አጠገብ ካሊበር የሚባል ሌላ ቁጥር አለ፤ እሱ የትክክለኛ መጠኑ ነው። እሱም ከተለያየ መስመሩ እየሄደ ይዛነፋል።

ሥራው ከክረምቱ በፊት አለቀ። መስከረም 2018 ዓ.ም. ላይ ተመልሼ ወለሉን በሳንቲም እየቆረቆርኩ ዞርኩ። ባዶ ድምፅ ካለ ከስሩ አየር አለ ማለት ነው። ሳሎኑ፣ ኩሽናው፣ ሻወር ቤቱ ደህና ናቸው። በረንዳው ላይ ደረጃው አጠገብ ያሉ ሁለት ፍሬዎች ጥጋቸው ላይ ባዶ ድምፅ ሰጡ። ባለሙያው መጥቶ አንዱን አነሳው። ጥጉ ላይ የማጣበቂያው መስመሮች እንደተበጠሩ ቆመዋል፤ ንጣፉ በደንብ ስላልተጫነ አልተዳመጡም። በውጭ ወለል ላይ ቢያንስ 95 በመቶው የንጣፉ ጀርባ ማጣበቂያ መንካት አለበት። ሁለቱንም አውጥቶ፣ ከተረፈው ካርቶን ባንዱ የቀለም ቁጥር ተካቸው፤ በዚህኛው ጀርባቸውንም እስከ ጥጉ ቀባ።

አሁን የቀረው ወደ ላይ የሚወጣው ደረጃ ነው። ልጅቷ ለእሱም ከሳሎኑ ጋር የሚመሳሰል ፖርሰሊን መርጣለች። እናትየው ጠርዙ ላይ የማያንሸራትት መስመር የተቆፈረበት ካልሆነ አይገባም ብለዋል። የማጣበቂያው ከረጢቶች ግን ከወዲሁ ተገዝተው ዕቃ ቤት ገብተዋል፤ ያዘዘችው ልጅቷ ናት።